ማሽኑ ችክችካን ሲማር

ከአረርቲ የሰርግ ዳስ እስከ ቺካጎ መጋዘን፦ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ የማን ነው?

በጥር ወር በሰሜን ሸዋዋ አረርቲ ውስጥ የሰርግ ቤት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድምፁ ይመራል። የምንጃር ሜዳ ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ገላጣ በሆነበት በዚያ ወቅት ድምፅን የሚያግድ ነገር ስለሌለ፣ ከሩቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ወፍራሙ ምት ብቻ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ እኩል በእኩል። ጥቂት ሲቀርቡ ጭብጨባው ይለያል፤ ቀጥሎ እልልታው፤ በመጨረሻ ማሲንቆ የሚመስለው፣ ግን ማሲንቆ ያልሆነው የኪቦርድ ዜማ። ዳሱ በር ላይ ግራና ቀኝ የቆሙት ሞንታርቦዎች የሰው ቁመት ያህላሉ። ከጓሮ ጄኔሬተር ያጓራል፤ ከእሱ የተሳበው ገመድ በጠላ ጋኖቹ መካከል አልፎ፣ ሰው እንዳይጠለፍበት አፈር ለብሶ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ እግር ስር ይደርሳል።

ኪቦርዱን ጠጋ ብሎ ላየው ብዙ ይናገራል። ከቁልፎቹ በላይ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ «ሸዋ»፣ «ወሎ»፣ «ጎጃም»፣ «ጉራጌ» ተብሎ ተጽፎበታል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ተጫዋቹ አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀመጠው የከበሮ ምት ነው። ግራ እጁ ምቱን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ይቀይራል፤ ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። ዓይኑ ግን ቁልፉ ላይ አይደለም፤ ሚዜዎቹ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ሲዝል ምቱን ትንሽ ያፈጥነዋል፤ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ሲነሱ ይገታዋል፤ ጭፈራው ሲግል ወፍራሙን ምት ለጥቂት ጊዜ ነጥቆ፣ ዳሱን በጭብጨባ ብቻ አቆይቶ፣ መልሶ ይለቀዋል። ይህን የመንጠቅና የመልቀቅ ጥበብ በበርሊንና በቺካጎ የሚታወቁት ዲጄዎች የሙያቸው ቁንጮ አድርገው ያዩታል። የአረርቲው ወጣት ግን «ሰርግ ይጫወታል» ይባላል እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ ተብሎ ሲጠራ ብዙም አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። ሃውስ፣ ዲስኮ፣ ቴክኖ የሚባሉት የጭፈራ ሙዚቃዎች በአገራችን ሲነሱ ብዙ ሰው የሚያስበው የቦሌን የጭፈራ ቤቶች፣ የሆቴል ጣሪያ ላይ ድግሶችን፣ ከውጭ የመጣ ዲጄን ነው። መሣሪያው ከውጭ መምጣቱ አያከራክርም። ነገር ግን ሙዚቃውን ሙዚቃ የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም የማይቋረጥ ምት፣ ዜማ አውጪና ተቀባይ፣ አካልን እስከ ንጋት የሚያቆም ድግግሞሽ፣ በሰርግ ዳስና በአውድማ ከኖረ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ እውነተኛ ቤቱ ዋና ከተማው ውስጥ ካለ የመጠጥ ቤት ይልቅ እንደ አረርቲ ባሉ የወረዳ ከተሞች የሚጣለው ዳስ ነው የሚል እምነት አለኝ። ይህ ከንቱ የወገን ውዳሴ አይደለም፤ ማስረጃው በታሪኩም በምቱ ስሌትም ውስጥ ይገኛል።

ከተገፉ ከተሞች የወጣ ምት

ሃውስ ስሙን ያገኘው ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ ከተባለ፣ ማለትም «መጋዘን» ከሚባል ክለብ ነው። እዚያ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚቃ ያጫውት የነበረው ፍራንኪ ናክልስ ነበር። ታዳሚዎቹ በአብዛኛው ጥቁሮችና ከሌላው የከተማዋ መዝናኛ የተገለሉ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ዘመን ዲስኮ የሚባለው ሙዚቃ በአሜሪካ እጅግ ከመግነኑ የተነሳ ጥላቻም አተረፈ። ሐምሌ 12 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በዚያችው ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ስታዲየም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ተቃጠሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ ሙዚቃው ወደ ጓዳ ገባ። «አንደርግራውንድ» የሚለው ቃል በጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከትልቁ ገበያ ውጭ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ለሚያውቁት ሰዎች የሚሠራ።

በትንሽ ገንዘብ የሚለው ሊሰመርበት ይገባል። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲአር 808 የተባለው የከበሮ ማሽን እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ገበያ አጣና ማምረቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ቆመ። አሮጌው በርካሽ ሲሸጥ የገዙት በቺካጎና በዲትሮይት የነበሩ ድሃ ወጣቶች ናቸው። በዲትሮይት አቅራቢያ ቤልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን ቴክኖን የፈጠሩት የመኪና ፋብሪካዎች ሥራ እየቀነሱ ከተማዋ ስትዳከም ነው። ዛሬ ቴክኖ በርሊን ውስጥ እንደ ቅርስ ይቆጠራል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በጀርመን ብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። መነሻው ግን ሌሎች የጣሉትን መሣሪያ አንስተው የራሳቸውን ምት ያስተማሩት የወጣት ጥቁሮች ሠፈር ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው፣ ሙዚቃው ከመጀመሪያውም የባለጠጎች ከተማ ጌጥ እንዳልነበረ ስለሚያሳይ ነው።

«መሣሪያው የውሰት ነው፤ ምቱ ግን የቤት ልጅ ነው።»

የደብረ ብርሃኑ ልጅ

የእኛው ታሪክ ደግሞ ከሰሜን ሸዋ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኃይሉ መርጊያ በ1946 እ.ኤ.አ. ደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በአሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ አኮርዲዮን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በኋላ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሠሩ። ባንዱ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ያ ዘመን የደርግ ዘመን ነው፤ ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል ወደ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድን ዜማ ለረጅም ጊዜ ይዞ ማቆየት፣ ምቱን ሳያቋርጡ ቀለሙን መለዋወጥ፣ የሰውን ድካም እያዩ ማፍጠንና ማቀዝቀዝ የሙያው ግዴታ ሆነ። የኒውዮርክና የቺካጎ ዲጄዎች በሁለት ሸክላ ማጫወቻ የፈጠሩትን ሌሊት፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ተገድዳ በሰው ጣት ፈጠረችው።

ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለትርዒት ሲሄድ ኃይሉ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገብተው አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እየደራረቡ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። ካሴቱን ዛሬ የሚሰማ ሰው የሚደነቀው በአንድ ነገር ነው። አኮርዲዮኑ የድሮ አዲስ አበባን ይናፍቃል፤ ከሥሩ የሚመታው ማሽን ግን ናፍቆት አያውቅም፣ ይሄዳል ብቻ። ሁለቱ አይጣሉም። ይህ ሥራ አገር ውስጥ ተሽጦ፣ ተረስቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ታተመ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ እየጠበቁ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው የዕቃ መጫኛ አውጥተው ኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ እንደነበር በብዙ ቃለ ምልልሶች ተናግረዋል። ዳግም ኅትመቱ ወደ መድረክ መለሳቸው፤ «ላላ በሉ» በ2018 እ.ኤ.አ.፣ «የኔ ምርጫ» በ2020 እ.ኤ.አ. ተከተሉ።

አንድ ኪቦርድ፣ አንድ የከበሮ ማሽን፣ አንድ ሰው። የአረርቲው ዳስ ውስጥ ያለው ወጣት የሚሠራበት ቅርጽ ይኸው ነው፤ ኃይሉ በባዕድ አገር ብቻቸውን ስለቀሩ ያገኙትን፣ እሱ ባንድ ለመቅጠር አቅም በሌለው የሰርግ ቤት ውስጥ አገኘው። ችግር ያስተማረው ሙያ ነው ማለት ግን ሙያውን አያሳንሰውም።

አሥራ ስድስት ሳጥን፣ አሥራ ሁለት ሳጥን

ወደ ምቱ ስሌት እንግባ፤ ክርክሩ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነውና። የከበሮ ማሽንም ሆነ ዛሬ በላፕቶፕ ላይ የሚሠራበት ፕሮግራም አንድን ዙር ሲከፍት በተለምዶ አሥራ ስድስት ሳጥን ያሳያል። አራት ዋና ምት አለ፤ እያንዳንዱ ምት ውስጥ አራት ሳጥን። ሃውስ ሙዚቃ በአራቱም ዋና ምቶች ላይ ወፍራሙን ከበሮ ያስቀምጣል፤ በደቂቃ መቶ ሃያ ጊዜ አካባቢ። እኛ ችክችካ የምንለው ምት ግን በሌላ ሒሳብ ይሄዳል፤ የሙዚቃ ተማሪዎች ስድስት ስምንተኛ ይሉታል። አንባቢ ሊሞክረው ይችላል። እግርዎ ዋናውን ምት ይርገጥ፤ እጅዎ በአንድ እርግጫ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛ ይንካ። እግርዎ አራቴ ሲረግጥ እጅዎ አሥራ ሁለት ጊዜ ነክቷል። ችክችካ የሚኖረው በዚያ አሥራ ሁለት ውስጥ ነው።

ብዙ ጀማሪ አቀናባሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የማሲንቆ ወይም የጭብጨባ ቅጂ ወስደው አሥራ ስድስቱ ሳጥን ላይ በግድ ይጭኑታል። ውጤቱ ሁለት ሰዎች በአንድ በር እኩል ለመግባት ሲጋፉ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ከዚያም «የእኛ ምት ከሃውስ ጋር አይሄድም» ይባላል። ይሄዳል። አራቱ ዋና ምቶች ሳይነኩ፣ ውስጣቸው ያለው ክፍልፋይ ብቻ ከአራት ወደ ሦስት ይቀየር። ወፍራሙ ከበሮ እንደ ቺካጎው እኩል ይሄዳል፤ ላዩ ላይ ያለው ግን ምንጃር ይሆናል። እስክስታ የሚወርድ ሰው አካል ይህን ስሌት ሳይማር ያውቀዋል፤ እግሩ አራቱን ይይዛል፣ ትከሻው ሦስቱን ይቆጥራል። የ808ን ማሽን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ዙሩን በሦስት ለመከፋፈል የሚያስችል መምረጫ አበጅተውለት ነበር። ማሽኑ እንቢ ብሎ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

አንድ ነገር ግን ማሽኑ በራሱ አይችልም። ጥሩ ከበሮ መቺ ሦስቱን ክፍልፋዮች እኩል አድርጎ አይመታም። ሁለተኛውን ትንሽ ያዘገያል፣ ሦስተኛውን ወደሚቀጥለው ምት ይገፋዋል። በሰከንድ ክፍልፋይ የሚለካ መዘግየት ነው፤ ሆኖም ሰውን ከመቀመጫው የሚያነሳው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ይህን «ስህተት» ብሎ ወደ ሳጥኑ መሐል የሚጎትትበት ቁልፍ አለው፤ ያ ቁልፍ ሲጫን ችክችካው ይሞታል። ስለዚህ በሙያው የበሰሉ የሰርግ ተጫዋቾች ምቱን በሳጥን አይስሉትም፤ በጣታቸው መትተው ይቀዱታል፣ ስህተቱንም እንዳለ ይተዉታል። ፕላስተሩ ላይ «ሸዋ» የሚለው ጽሑፍ ሥር ያለው ምት ከፋብሪካ አብሮ የመጣ አይደለም። የአንድ ሰው እጅ ነው።

ቅኝቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ የኪቦርዱ ድምፆች እኩል ተከፋፍለው የተቃኙ ናቸው፣ የዘፋኙ ጉሮሮ ግን አይደለም። ልዩነቱ በተለይ አንቺ ሆዬ በተባለው ቅኝት ላይ ይሰማል። አንዳንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ስለሚፈቅዱ የሚያውቅ ያስተካክለዋል።

አዲስ አበባ የጀመረችው

ይህን የምት ስሌት በአደባባይ የሞከሩት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸውና ድርሻቸው ሊነሳ ይገባል። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም፣ ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ በራሱ ስም፣ ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን መጠሪያ ይዘው ተነሱ። ሚካኤል አሜሪካ ኒው ጀርሲ ሙዚቃ ተምሮ ተመልሶ፣ «ያራዳ ልጅ»ን በ2014 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ባለው 1432 አር በተባለ ትንሽ አሳታሚ፣ «ዘላለም»ን በ2016 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ አሳታሚ አወጣ። ሁለቱም ባህላዊውን ድምፅ ለማድመቂያ ብቻ አልተጠቀሙበትም፤ ሙዚቃውን ከሱ አበቀሉት። ይሁንና ሥራቸው ከአዲስ አበባ ይልቅ በሎንደንና በኒውዮርክ የበለጠ ተጻፈለት።

ሰፊውን ሕዝብ የደረሰው ሮፍናን ኑሪ ነው። ዲጄ የነበረው ይህ ወጣት በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተሰኘ አልበሙን ሲያወጣ፣ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃን ከተለያዩ ብሔረሰቦች ምትና ዜማ ጋር አዋሕዶ ስታዲየም የሚሞላ አድማጭ አገኘ። ባጃጅ ነጂዎች በፍላሽ ጭነው በየወረዳው ያጫወቱት ሙዚቃ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ትውልድ ማሽንና ከበሮ የማይጣሉ መሆናቸውን በጆሮው አረጋገጠ።

ግን ሦስቱም ያደጉት በከተማ ነው፤ የገጠሩን ምት ያገኙት ፈልገውና ተጉዘው፣ ወይም ከቅጂ ሰምተው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የገጠሩን ዘፈንና የከተማውን ሙከራ በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙ የነበሩ ቤቶችም እየጠፉ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የመራው የካዛንቺሱ ፈንድቃ በ2024 እ.ኤ.አ. በመልሶ ማልማት ፈርሷል። እንዲህ ያለ ቤት ሲፈርስ የሚጎድለው አንድ የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም፤ አዝማሪውና አቀናባሪው የሚተዋወቁበት ወንበር ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ምቱ ከነባለቤቱ ባለበት ቦታ፣ ማሽኑም አብሮ ባለበት ቦታ፣ ለምን አንፈልገውም የሚል ነው።

ማሽን ሰውን ያስወጣል?

ከሚነሱት ተቃውሞዎች መጀመሪያ የሚመጣው «ባዕድ ነው» የሚለው ነው። ይህ ለመመለስ አያስቸግርም። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ሲገቡ ያ ድምፅ ባዕድ ነበር። ዛሬ ሳክስፎን ያለበትን የስድሳዎቹን ዘፈን ባዕድ የሚል ሰው የለም፤ እንዲያውም «የድሮው፣ ትክክለኛው የእኛ ሙዚቃ» የሚባለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ አዝማሪዎችና ከበሮ መቺዎች የሚያነሱት ነው። ድሮ አንድ ሰርግ ማሲንቆ መቺ፣ ከበሮ መቺ፣ ዘፋኝና ተቀባይ ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪቦርድ ሁሉንም ተክቷል፣ እንጀራችንን በልቷል ይላሉ። እውነት አላቸው። የማይታበል ጉዳት ነው፤ «ዘመኑ ነው» ተብሎም ሊታለፍ አይገባም። በምንጃር አውድማ የሆነውን ማየት ፍርሃታቸውን ይበልጥ ያስረዳል። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ ጤፍ ሲያበራዩ፣ ነጂው ለበሬዎቹ ያዜማል፤ ዙሩም፣ ኮቴውም፣ ዜማውም አንድ ምት ነበሩ። የሞተር መውቂያ በገባበት አውድማ ሥራው ቀለለ፣ ምርቱ ቶሎ ተሰበሰበ፤ ዜማው ግን ቆመ። ሞተሩ የራሱ ምት አለው፣ ለሰው ድምፅ ቦታ አልተወም። ማሽን ሲገባ ዘፈን ይወጣል የሚለው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም።

ግን አውድማውና ዳሱ የተለያዩበትን ምክንያት ማስተዋል ያስፈልጋል። አውድማው ላይ ማሽኑን ያመጣው ሰው ዜማ አልፈለገም፤ ጤፍ ፈለገ። ዳሱ ውስጥ ማሽኑን ያመጣው ሰው የሚፈልገው ዜማውን ራሱን ነው። ስለዚህ ኪቦርዱ ላይ ሸዋ፣ ወሎ፣ ጎጃም ተብሎ የተጻፈው ምት ተረፈ። የሰሜን ኡጋንዳዋ የጉሉ ከተማ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። ለረጅም ዓመታት በቆየ ጦርነት የደኸየው የአቾሊ ሕዝብ ላራካራካ የተባለውን የሰርግ ጭፈራ ለማስጨፈር ትልቅ ቡድን መቅጠር ሲያቅተው፣ ሊዮ ፓላዬንግ የተባለ አቀናባሪና ኦቲም አልፋ የተባለ የቀድሞ ቦክሰኛ ዘፋኝ ሙዚቃውን በኮምፒውተር ሠሩት። የአቾሊን ፈጣን ምት እንዳለ ጠበቁ፤ ኮምፒውተሩ እንዲከተለው አደረጉ። የኦቲም አልፋ ሥራዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ባለ አሳታሚ ተሰብስበው ወጡ፤ እሱም የአውሮፓ የጭፈራ መድረኮች ላይ ቀረበ። ማንም ጉሉን «የካምፓላን ክለብ የኮረጀች» አላላትም። ሶሪያዊው ኦማር ሱለይማንም ከሰርግ ድንኳን ነው የተነሳው፤ በአንድ ኪቦርድ ታጅቦ።

«አውድማው ላይ ማሽኑን ያመጣው ሰው ጤፍ ፈለገ፤ ዳሱ ውስጥ ማሽኑን ያመጣው ሰው የሚፈልገው ዜማውን ራሱን ነው።»

ሦስተኛው «አንድ ዓይነት ነው፣ ይሰለቻል» የሚለው ነው። ግጥም ለሚወድ ሕዝብ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የአማርኛ ዘፈን ልቡ ግጥሙ ነውና። ነገር ግን ግጥሙ ራሱ የቆመው በድግግሞሽ ላይ ነው። አውጪው አዲስ ስንኝ ሲያመጣ ተቀባዩ ያንኑ መልስ ደጋግሞ ካልያዘለት ስንኙ ይወድቃል። ከጭፈራ ጋር ሳይነጻጸር፣ ለክብሩም እየተጠነቀቅን፣ በማሕሌት ላይ ዝማሜው ረጋ ብሎ ጀምሮ፣ መረግዱ ተከትሎ፣ በጽፋቱ የሚፈጥንበት ሥርዓት ጊዜን በዝግታ ማጋል በዚህ ምድር ምን ያህል የቆየ ዕውቀት እንደሆነ ያሳያል። ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል የሚወርድ ምዕመን፣ ለአንድ ድምፅ ረጅም ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

የማን እጅ ነው?

ከበሮ መቺውን ከዳሱ ያስወጣው ኪቦርድ የከበሮ መቺውን እጅ በውስጡ ይዟል ካልን፣ ያ እጅ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። ዛሬ የሚደረገው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ አንድ አቀናባሪ አንድ አዛውንት ከበሮ መቺን ወይም ዜማ አውጪን በስልክ ይቀዳል፤ ቅጂው ተቆራርጦ ምት ይሆናል፤ ምቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ በቴሌግራም ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ይዞራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከማን እንደተነሳ የሚያውቅ የለም። ቅጂው ውጭ አገር ታትሞ ሸክላ ሲሆንም ስሙ አይኖርም። «የሕዝብ ዘፈን ባለቤት የለውም» የሚል መልስ ይሰጣል። ለዜማው እውነት ሊሆን ይችላል። ለከበሮው አመታት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ አዋጁ በ872/2007 ሲሻሻልም ይህ ጥበቃ ቀጥሏል። ከበሮ መቺው ዜማውን ባይደርሰውም ከዋኝ ነው። ሲቀዳ ሊጠየቅ፣ ሥራው ሲሸጥ ስሙ ሊጻፍ ይገባል።

ይህን ለማድረግ ትልቅ ተቋም መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳ ባህል ቢሮ አንድ ጥሩ ማይክራፎን፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፈቃደኛ የሰርግ ተጫዋች ቢኖረው፣ የምንጃርና የሸንኮራ ከበሮ መቺዎችንና የአውድማ ዜማ አውጪዎችን በስማቸው፣ በቀበሌያቸውና በፈቃዳቸው መቅዳት ይችላል። የአውድማውን ዜማ በልጅነቱ በሬ እየነዳ የተማረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ የተማረው የሞተሩን ድምፅ ነው። አረርቲ ላይ የቻይና ኩባንያ የገነባው የግንባታ ዕቃዎች ኢንዱስትሪ ፓርክ ለወጣቱ ሥራ ይሰጣል ተብሎ ብዙ ተነግሮለታል፤ ይገባዋልም። ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ በየዳሱ፣ ማንም ሥራ ብሎ ያልመዘገበው ሙያ መኖሩ ግን አልተነገረም። ለሙያው ስም መስጠት የመጀመሪያው ክፍያ ነው፤ ሁለተኛው ብር መሆን አለበት።

ቀን የሆነ ሌሊት

በዚህ ጊዜ ስለ ጭፈራ መጻፍ ራሱ ይከብዳል የሚል ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞው በአክብሮት ሊሰማ የሚገባው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አዋጁ ካበቃ በኋላም፣ ግጭቱ ሰሜን ሸዋን አልማራትም። ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሙሽራ አይሄድም፤ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ የነበረ ጭፈራ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅበት ቦታ ሞልቷል። በዚህ ላይ ስለ ከበሮ ክፍልፋይ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰው በክፉ ቀንም ይዳራል። የሂልተኑ ሌሊት የተወለደው በሰዓት እላፊ፣ የጉሉው ሙዚቃ በጦርነት ነው። ያንን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች የሚያስታውሱት የፈሩትን ብቻ ሳይሆን አብረው ያጨበጨቡትንም ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያጠፋው መጀመሪያ ያልተጻፈውንና ያልተቀዳውን ነውና፣ ስለ ምቱ መነጋገሪያው ጊዜ አሁን ነው።

ሰርጉ በቀን ሲሆን የዳሱ ሸራ ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ፣ ሌሊት በጨለማ የማይታየው ሁሉ ይታያል። አቧራው ኪቦርዱ ላይ ያርፋል፤ ተጫዋቹ በነጠላው ጫፍ ይጠርገዋል። ሚዜዎቹ ክብ ሠርተዋል። ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ሳይነሱ በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ከዘራው አራት ነው። ተጫዋቹ ግራ እጁን ያነሳና ወፍራሙ ከበሮ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ብቻ ከጓሮ ይሰማል። ሴቶቹ ግን ጭብጨባቸውን አላቆሙም፤ በእያንዳንዱ የከዘራ ምት ሦስት፣ ሁለተኛው ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ሦስተኛው ወደፊት እየገፋ። ወጣቱ እጁን ቁልፉ ላይ አንዣቦ፣ ጆሮውን ወደነሱ አዘንብሎ ይቆጥራል።